«በዚያው ቧንቧ ሃይድሮጂን ይልኩልናል»፦ ስለ ጋዝ፣ ሃይድሮጂንና መብራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሑድ ዩትሬክት ውስጥ አንዲት ወዳጃችን ዘንድ ቡና ተጠርተን ነበር። አዲስ ቤት ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ጀበናውም ተጣደ። ምድጃው ሁለት ጊዜ ጢጥ ጢጥ አለና ጠፋ። ደግማ ጣደችው፤ ደግሞ ጠፋ። ኢንደክሽን ምድጃ የሚያግለው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። ሸክላውን ከነመኖሩም አያውቀው። በመጨረሻ ልጇ የገዛላትን ክብ ጠፍጣፋ ብረት ከካርቶን ውስጥ ፈልጋ አወጣችና ከጀበናው ሥር አደረገችው። ቡናው ፈላ።

ቤቱ ጋዝ የለውም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከጁላይ 2018 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ቤት ከጋዝ መስመር ጋር አይገናኝም። ይህን ሲያዩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ። ከማዘጋጃ ቤቱ፣ እኛ ኸሜንተ ከምንለው፣ የመጣ ነው። ሰፈራቸው ወደፊት ከጋዝ እንደሚወጣ ይገልጻል። እሳቸው ግን አልተጨነቁም። «ምን ያስቸኩለኛል?» አሉ። «በዚያው ቧንቧ ሃይድሮጂን ይልኩልናል እየተባለ አይደል?»

ከዚያማ ቤቱ በሁለት ተከፈለ። እኔ የምሠራው የመብራት ገመድ የሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ስለሆነ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን የተባለውንና የመለስኩትን ነው የምጽፍላችሁ። እዚያው ያልመጣልኝንም ጨምሬበታለሁ።

«ሃይድሮጂኑ በዚያው የጋዝ ቧንቧ ቤታችን ድረስ ይመጣል»

ግማሹ እውነት ነው። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ግማሹ ነው።

ቧንቧው ይችላል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የሆላንድ ከተሞች ምግብ የሚያበስሉት ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ጋዝ ነበር። የዚያ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጂን ነው። በ1959 ግሮኒንገን ውስጥ፣ ስሎኽተረን በምትባል መንደር አጠገብ፣ ግዙፍ የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቴክኒሻኖች ቤት ለቤት እየዞሩ የየሰዉን ምድጃ ለአዲሱ ጋዝ ቀየሩ። አስር ዓመት እንኳ አልፈጀም። በቅርቡ ደግሞ በተገላቢጦሽ፣ ጋሱኒ የተባለው የመንግሥት የጋዝ መስመር ኩባንያ ዜላንድ በሚባለው የሆላንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ 12 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ ለሃይድሮጂን አዛውሮ ከ2018 ጀምሮ ሁለት ፋብሪካዎችን አገናኝቶበታል።

«አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጂን የሚይዘው ጉልበት የጋዝን ሲሶ ነው» የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ልክ ነው። ግን ሃይድሮጂን በጣም ቀላል ስለሆነ በቧንቧው ውስጥ ይሮጣል፤ ጉድለቱን አብዛኛውን በፍጥነቱ ያካክሰዋል። የሚቀየሩት መግፊያ ማሽኖቹ፣ አንዳንድ መዝጊያዎችና ቆጣሪዎቹ ናቸው።

እንግዲያው ችግሩ የት ነው? ቤት ውስጥ ነው፤ ሒሳቡ ላይ።

100 ኪሎዋት ሰዓት መብራት አለኝ እንበል። በእሱ ውኃ ሰንጥቄ ሃይድሮጂን ልሥራ። አንድ ኪሎ ለመሥራት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይበላኛል። አንዱ ኪሎ የሚሰጠኝ ግን 33 ያህል ነው። ሃይድሮጂኑን ቤት በሚያሞቀው ቦይለር ውስጥ ሳቃጥለው ከ100ው ወደ 60 የሚጠጋ ሙቀት አገኛለሁ። ያንኑ 100 ለሂት ፓምፕ ብሰጠውስ? ሂት ፓምፕ የተገለበጠ ፍሪጅ ማለት ነው፤ ሙቀቱን ከውጭው አየር ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። እሱ ሙቀት እንዳያመልጥ ደህና በተሸፈነ ቤት ውስጥ ወደ 300 ይሰጠኛል። አምስት እጥፍ። ይህን ልዩነት የትኛውም ድጎማ ለረጅም ጊዜ አይሸፍነውም ባይ ነኝ።

ሙከራው አልቀረም። ሎኸም በምትባል ትንሽ ከተማ 12 አሮጌ ቤቶች በሃይድሮጂን ሲሞቁ ታይተዋል። ቴክኒኩ ሠርቷል። እንግሊዝ ግን ዊትቢ በሚባል ሰፈር ሊደረግ የነበረው ትልቅ ሙከራ ነዋሪው ስላልደገፈው በጁላይ 2023 ተሰረዘ። ሬድካር ላይ የታሰበው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቀረ፤ በአካባቢው በቂ ሃይድሮጂን አልተገኘም።

«ካልሆነ ከጋዙ ጋር ትንሽ እንቀላቅለው»

20 ከመቶ ሃይድሮጂን ቀላቀልን ሲባል ብዙ ይመስላል። ያ ግን በሜትር ኩብ ሲለካ 20 ነው፤ በጉልበት ሲሰላ 7 ከመቶ ገደማ ነው። የሚቀነሰው ጭስም ያንኑ ያህል ነው። በውድ የተሠራን ነገር በርካሹ ውስጥ ማፍሰስ ነው የሚሆነው፤ ለዜና ካልሆነ በቀር ብዙም አይረባም።

«ሃይድሮጂን ንጹህ ነው፤ የሚወጣው ውኃ ብቻ ነው»

ሲቃጠል ካርቦን አይወጣውም፣ እውነት ነው። ጥያቄው እንዴት ተሠራ ነው። ሃይድሮጂን እንደ ጋዝ ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር አይደለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው ከአንድ ነገር ውስጥ ነጥሎ ማውጣት አለበት። በ2023 ዓለም 97 ሚሊዮን ቶን ያህል ሠርታለች። ከዚያ ውስጥ ንጹህ የሚባለው ከ1 ከመቶ በታች ነው። ቀሪው በአብዛኛው ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የተሠራ ነው። ከጋዝ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ 10 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ጠርሙሱ ላይ «ንጹህ» ተብሎ ቢለጠፍም የፋብሪካውን ጢስ ማውጫ አየት ማድረግ ነው።

«ቦምብ ነው እኮ!»

የሃይድሮጂን ቦምብ የኒውክሌር ነገር ነው፤ ከቧንቧና ከምድጃ ጋር አይገናኝም። ሃይድሮጂን ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጋዝ እሳት የሚይዘው በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 ከመቶ ሲሆን ነው። ሃይድሮጂን ከ4 እስከ 75 ከመቶ ባለው ሁሉ ይይዛል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። በጥሩ ጎኑ፣ ቀላል ስለሆነ ክፍት ቦታ ላይ ቶሎ ወደ ላይ ይበንናል። ፋብሪካዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩበት ኖረዋል። ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጭራቅ አይደለም።

«እንግዲያው የሃይድሮጂን ነገር ወሬ ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ያቺ ባለጀበናዋ ወዳጃችን ናት «ተወው በለኛ!» ያለችኝ። አልተውም። አገር ቤት ገበሬ ትከሻ ላይ የምታዩት የዩሪያ ጆንያ እኮ የሃይድሮጂን ልጅ ነው። ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር ተጣምሮ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ዩሪያ። በ2025 ከዳንጎቴ ጋር ለጎዴ የተፈረመው የማዳበሪያ ፋብሪካ ውልም ይኸው ነው፤ የሶማሌ ክልልን ጋዝ ወደ ሃይድሮጂን፣ ሃይድሮጂኑን ወደ ዩሪያ መቀየር። ማዳበሪያ በሂት ፓምፕ አይሠራም። ከብረት ማዕድን ብረት ማውጣትም እንደዚያው፤ ከሰሉን የሚተካ ነገር ሲፈለግ ሃይድሮጂን ቀድሞ ይጠራል።

ለዚህ ነው የሃይድሮጂኑ ቧንቧ ወደ ፋብሪካ እንጂ ወደ ጓዳ የማይሄደው። ኦክቶበር 2023 የኔዘርላንድስ ንጉሥ ሮተርዳም ላይ የመጀመሪያውን የሃይድሮጂን መስመር ግንባታ አስጀመሩ። ከወደቡ ተነሥቶ ነዳጅ ማጣሪያዎቹ ወዳሉበት የሚሄድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መስመር ነው። ጀርመን ደግሞ በ2024 ከ9 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የሃይድሮጂን አውታር አጽድቃለች። 60 ከመቶ ያህሉ ነባር የጋዝ ቧንቧ ነው። ንፋስ ሲበዛ የሚሠራውን ሃይድሮጂን ከመሬት በታች በጨው ዋሻ ማከማቸትም ይቻላል። እንግሊዝ ቲሳይድ ውስጥ ይህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ነገር ነው።

«ሰው ሁሉ ጋዝ ሲተው ለእኛ ይረክስልናል»

ይቺን ጋሼ ናቸው ያሏት። ገበያ ላይ ፈላጊ ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል፤ በሽንኩርት ልክ ነው። በቧንቧ ግን ተቃራኒው ነው።

ዕድር ያለበት ሰው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት አይፈልግም። ዕድሩ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጥበቃ አለው። 100 አባል ሲኖር መዋጮው ትንሽ ነው። 60ው ቢለቁ ድንኳኑ አይጠብም፤ ጥበቃውም ግማሽ ደመወዝ አይቀበልም። የቀሩት 40ዎቹ ይሸከሙታል።

የሆላንድ የከተማና የመንደር ጋዝ ቧንቧ ከ120 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ጎዳና ላይ ከ30 ቤት 28ቱ ቢወጡ እንኳ ለሁለቱ ሲባል ቧንቧው መፈተሽ፣ መጠገን፣ ሲያፈስ መቆፈር አለበት። ቀድሞ የሚወጣው ማነው? ሂት ፓምፕ ለመግዛት ገንዘብ ያለው፣ የራሱ ቤት ያለው። መጨረሻ የሚቀረው ተከራዩና ጡረተኛው ነው። እዚህ ያለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ የቧንቧው ወጪ ቀደም ብሎ እንዲከፈል ፈቅዷል፤ ብዙ ሰው እያለ ይዋጣ፣ ኋላ ለጥቂቶች አይቆለል ነው ነገሩ። የጋሼ ደብዳቤም ከዚሁ የመጣ ነው። ቤት በቤት ከሚንጠባጠብ፣ ሰፈር በሰፈር ቀን ተቆርጦ ቢዘጋ ይሻላል።

«እዚሁ ጋዝ ሞልቶ የለም እንዴ?» ላለው ደግሞ፦ አሁንም ብዙ አለ። ግን ሲወጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በ2012 ሃውዚንኽ በሚባል መንደር 3.6 የተለካ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የብዙ ሺህ ሰው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ግሮኒንገን ኦክቶበር 2023 ላይ ማምረት አቆመ። በቀጣዩ ዓመት በሕግ ተዘጋ።

«ንፋስና ፀሐይ ከበዛ መብራቱ አለቀለት»

ይሄ የእኔ እንጀራ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ሰፈራችሁ ጥግ ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ሳጥን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ብስክሌቱን ያስደግፍባታል፣ ልጆች ይጽፉባታል። ውስጧ ትራንስፎርመር አለ። የተተከለችው ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለልብስ ማጠቢያ ነው። ያኔ ሲታቀድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀም ለአንድ ቤት በአማካይ ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ይበቃል ተባለ። አሁን አንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻውን በ11 ኪሎዋት ይሞላል። ማታ 12 ሰዓት ላይ አሥር መኪና፣ አሥር ሂት ፓምፕ፣ አሥር ኢንደክሽን ሲነሡ ሳጥኗን አስቧት። ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከየጣሪያው የሚመጣው የፀሐይ ኃይል በተቃራኒው ይገፋታል።

ስለዚህ እዚህ አገር የሌለው ኃይል አይደለም፤ መንገድ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ድርጅቶች መስመር እንዲገባላቸው ወይም እንዲጨመርላቸው ወረፋ ይጠብቃሉ። ዳቦ ቤቱ አዲስ ምድጃ ገዝቶ መሰካት አይችልም። መንግሥት ሰውን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መኪና አትሙሉ፣ ልብስ አትጠቡ እያለ ይለምናል። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮም ሰዎች ከጣሪያቸው የፀሐይ ኃይል በቀን የላኩትን መብራት ማታ ከወሰዱት ላይ እኩል በእኩል ማቀናነስ ይቀራል። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ከዕቅድ እስከ ሥራ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ገመዱን የሚዘረጋ ባለሙያም አይገኝም። እኔን ራሴን ቅዳሜ ጭምር ይጠሩኛል።

አገር ቤት ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሕዳሴ ግድብ ሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋዋት። ሆኖም የሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ገና መስመር አልደረሰውም። የደረሰውም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ሻማ ይፈልጋል። ሀብታምም ደሃም አገር የሚጣበቀው እዚያችው ሳጥን ላይ ነው።

«ስፔን በፀሐይ ምክንያት ጨለማ ዋጣት»

ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እኩለ ቀን ላይ ስፔንና ፖርቱጋል ድርግም አሉ። የዚያን ሰዓት ፀሐይ ብዙ ኃይል ታመነጭ ነበር፣ አዎ። ምርመራው ያገኘው ግን የቮልቴጅ ከልክ በላይ መጨመርን ነው። ቮልቴጁን እንዲይዙ የተመደቡ ነባር ጣቢያዎች በሚገባ አልያዙትም። ከዚያ አንዱ ጣቢያ ሲቋረጥ ሌላውን እየጎተተ ወደቀ። ፀሐይ ማመንጫዎችም ቮልቴጅ እንዲቆጣጠሩ ማድረግ ይቻላል። ደንቡ ግን ያኔ ያን ሥራ ከእነሱ አይጠይቅም ነበር።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ጋሼ ደብዳቤውን አጠፉና «እና እኔ ምን ላድርግ?» አሉ።

«ቦይለርዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«እስኪሞት ይሥራ። ሃይድሮጂን ግን አይጠብቁ። መጀመሪያ ጣሪያውንና መስኮቱን ያስሸፍኑ፤ ሙቀቱ በዚያ ነው የሚያመልጠው። ቦይለሩ ሲሞት ሂት ፓምፕ ያስቡ። ከዚያ በፊት ግን ለመብራቱ ድርጅት ደውለው ቆጣሪዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ዝም ብለው ጀበናውን አዩት። ከዚያ ወደ ባለቤቲቱ ዞሩ።

«ያቺን ብረት ልጅሽ ከየት ነው የገዛት?»