ስግድ፦ የቤተ እስራኤል የምህላ ቀን

ስግድ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በዓመት አንድ ጊዜ ተራራ ወጥተው ኦሪት የሚሰሙበት፣ ቃል ኪዳናቸውን የሚያድሱበትና ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ የሚማጸኑበት የጾም በዓል ነው። ምህላም ይባላል። የሚውለው በአይሁድ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ29 ሲሆን፣ ቀኑ ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) ጀምሮ ሲቆጠር 50ኛው ነው።

በዓሉ ሲከበር የኖረው በባዕድ እምነት ነገሥታት ሥር ነው። ሲወርድ በመጣው ታሪክ ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የቤተ እስራኤል የሰሜን ተራሮች ምሽግ ወደቀ፤ መሪው ጌዴዎንም በጦርነቱ ተገደለ። ርስቱን ያጣው ሕዝብ የሌላውን መሬት እያረሰ፣ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሸማ እየሸመነ፣ ሸክላ እየሠራ ኖረ። ማረሻውን የሚያሠራው ጎረቤት ራሱ «ቡዳ» ይለው ነበር።

በኢትዮጵያ ወደ ተራራው ይወጣ የነበረው ንጹሕ የሆነ ብቻ ነበር። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የዋለ ገላውንና ልብሱን ሳያጥብ ከወገኑ አይቀላቀልም ነበር። ሬሳ የነካም፣ በወር አበባ ጊዜ በመርገም ጎጆ ያለችም የንጽሕና ቀናቸው እስኪሞላ ከጉባኤው ይለዩ ነበር። መንደሮቹ ወራጅ ውኃ አጠገብ ይቆረቆሩ የነበሩትም ለዚሁ ነው። ከሩቅ የሚመጡ ሰንበት መንገድ ላይ እንዳያገኛቸው ቀደም ብለው ይነሡ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የታወቀው ቦታ ጎንደር አቅራቢያ ያለው አምቦበር ነበር።

በዕለቱ ሕዝቡ እህል ውኃ ሳይቀምስ ነጭ ልብሱን ለብሶ ይሰለፋል። የቤተ እስራኤል ካህናት የሆኑት ቄሶች ኦሪቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በጥላ ከልለው ይመራሉ። ከምእመናኑ አንዳንዱ የንስሐ ምልክት እንዲሆን ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ዜማው በግእዝ ሆኖ የአገውኛ ቃላት ይገቡበታል፤ ነጋሪትና ቃጭል ያጅቡታል። ከላይ ሲደረስ ስለ ሕጉ መሰጠት ከኦሪት ዘጸአት፣ በመጨረሻም ከመጽሐፈ ነህምያ ይነበባል። ግእዙን የማይሰማው ብዙ ስለነበር አንዱ ቄስ ያነብ፣ ሌላው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉም ነበር።

የዕለቱ ልብ ያለው ነህምያ ምዕራፍ 9 ላይ ነው። ተናጋሪዎቹ በፋርስ ነገሥታት ሥር ያሉ ምርኮ ተመላሾች ናቸው፤ ለአባቶቻችን በተሰጠችው ምድር ላይ ባሮች ሆነናል፣ ፍሬዋም በላያችን ለተሾሙት ነገሥታት ይበዛል እያሉ ያለቅሳሉ። ርስቱን ተነጥቆ ከምርቱ እየከፈለ ለሚያርስ ሰው ይህ ንባብ የራሱ ኑሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ እየዘፈነ ወርዶ በዳቦና በጠላ ጾሙን ይፈታል።

ኦሪቱ እንደ ሌሎች አይሁድ ጥቅልል አይደለም። የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይይዛል። ብራና ውድ፣ ጸሐፊም ጥቂት ስለነበር አንዳንዱ መጽሐፍ ከክርስቲያን ጸሐፊዎች ይገዛና የሥላሴ ስም ያለበት ቦታ ይፋቅ ነበር። ጸሎቱ ግን በአብዛኛው በቃል የሚያዝ ነው፤ ተማሪው መምህሩን ተከትሎ ዓመታት ይፈጅበታል። የሥርዓቱ ደካማ ጎንም ይኸው ነው፤ አንድ አዋቂ ሲሞት ያልተላለፈው ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የዘለቀው ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መንደሮችን ባዶ ሲያደርግ፣ ቄሶችን ሲያስተምሩ የኖሩት መነኮሳት ቁጥርም ተመናመነ፤ ምንኩስናው ዳግም አላገገመም።

ተስፋው በጸሎት ብቻ አልቀረም። በ1862 እ.ኤ.አ. የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ ማሐሪ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ረሃብና በሽታ ትግራይ ላይ አስቀራቸው።

አብዛኛው ሕዝብ እስራኤል ከገባ በኋላ ዋናው ጉባኤ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ከሚባለው ከፍታ ላይ ይደረጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ዛሬ ችግሩ ሌላ ነው፤ እስራኤል የተወለደው ልጅ ግእዙን ቀርቶ አማርኛውንም አይከተልም፣ ስለዚህ ትርጓሜው ወደ ዕብራይስጥ መሻገር ግድ ሆኗል። ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ጉዞ የሚጠብቁት ቤተሰቦችም በየዓመቱ ስግድን ያከብራሉ።