የሕክምና ቁርኝት ምንድን ነው? ለስኳር ታካሚ የሚሰጥ የጠባይ ውጤት አይደለም

የሦስት ወር የስኳር ምርመራ (ኤዋንሲ) ከፍ ባለ ቁጥር «መድኃኒቱን አይወስድም፣ ቁርኝት የለውም» የሚል ፍርድ ይከተላል። ቁርኝት የሚባለው የታካሚው መድኃኒት አወሳሰድ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ከሐኪሙ ጋር ከተስማማበት ዕቅድ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ነው። ኤዋንሲ የሚያሳየው ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት አማካይ የደም ስኳር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የብረት እጥረት የደም ማነስ ሲኖር ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ በቅርቡ ደም ለተሰጠው ሰውም አይታመንም።

ማሳው ስለደረቀ ብቻ ገበሬው የመስኖውን በር አልከፈተም አይባልም፤ ቦዩ ተደፍኖ ይሆናላ። ኢንሱሊን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲወጋ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይጠጥርና ያብጣል። እዚያ የተወጋው መድኃኒት አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሌላ ቀን ተቆራርጦ ወደ ደም ይገባል። እያንዳንዱ መርፌ ከቀድሞው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ደፍራሹ ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) በመዳፎች መካከል 10 ጊዜ ያህል ካልተንከባለለና 10 ጊዜ ካልተገለባበጠ ደግሞ መጠኑ ከቀን ቀን ይለያያል። መናጥ ግን አይገባም። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

«ታዲያ መጠኑን መጨመር ነዋ!» የሚሉ አስተያየት ሰጪ አሉ። ቦዩን ሳያዩ በሩን ማስፋት ይሏል ይኼ ነው። ታካሚው ቦታ ቀይሮ ጤናማ ቆዳ ላይ በወጋ ቀን የተጨመረው ሁሉ ባንዴ ይፈስና ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ቦታ ሲቀየር መጠኑን መቀነስ ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፣ ስኳሩንም ቶሎ ቶሎ መለካት ይገባል።

በሩን ራሱ የዘጋ፣ ማለትም መድኃኒቱን የተወም አለ፤ እሱም ምክንያት አያጣም። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚን ሆዱን ያወከው ሰው ተግሣጽ ምን ያደርግለታል? ከምግብ ጋር፣ ከ500 ሚሊ ግራም ተነሥቶ ቀስ በቀስ ቢጨመርለት ወይም ወደ ዝግ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ቢቀየርለት ይሻላል። ሌሊት ስኳሩ ወርዶበት የደነገጠም የማታውን መርፌ ቢዘል አይገርምም፤ መታረም ያለበት መጠኑና ሰዓቱ ነው።

በጥናቶች የተለመደው፣ ከታዘዘለት ቢያንስ 80 በመቶውን የወሰደ ቁርኝት አለው የሚለው መስፈሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከፋርማሲ የወጣውን መድኃኒት ይቆጥራል፤ መዋጡን አያውቅም። ከቀጠሮ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚጠነቀቅም አለና ያማረ የጠዋት ስኳር ማስረጃ አይሆንም። «ባለፉት 7 ቀናት ስንቴ አመለጠዎት?» ብሎ ያለ ቁጣ መጠየቅና የሚወጉበትን ቦታ በጣት ዳብሶ ማየት የበለጠ ይናገራል።