በድሬዳዋ የኖራ ድንጋይ ካባ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አንድ ካባ፣ ማለትም ድንጋይ የሚፈለጥበት ቦታ፣ ከመከፈቱ በፊት በውኃ፣ በአየር፣ በመሬት፣ በቅርስና በነዋሪው ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ተጠንቶ ሥራው ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚባልበት ሕጋዊ አሠራር ነው። በድሬዳዋ ጉዳዩ ይከብዳል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት የኖራ ድንጋይ ከተማዋ የምትጠጣውን ውኃ ከያዙት አለቶች ዋነኛው ነውና።

የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ያኔ ግምገማ የሚጠይቅ ሕግ አልነበረም።

ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ሕግ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። በአዋጁ መሠረት የጥናቱን ወጪ የሚሸፍነው ባለፕሮጀክቱ ሲሆን፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤትም የአካባቢ ይሁንታ መገኘቱን ሳያረጋግጥ የሥራ ፈቃድ መስጠት አይችልም። የጥናቱ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ የሕዝብና የባለሙያ አስተያየት ታይቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል። ፕሮጀክቱ ያለቅድመ ሁኔታ ወይም ከቅድመ ሁኔታ ጋር ሊፈቀድ፣ ወይም ሊከለከል ይችላል። ያለ ይሁንታ ሥራ የጀመረ ወይም በሪፖርቱ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ ይህ መጠን ዛሬ ለትልቅ ካባ ትንሽ ነው።

የጥናቱ ልብ ውኃው ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው ተዳፋት በስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች የተቆራረጠ ነው። ከሥር ጥንታዊው መሠረት አለት፣ ከላዩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያም በጁራሲክ ዘመን የተፈጠረው የኖራ ድንጋይ ተደራርበዋል። ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ እንደ ሳቢያን ያሉትን የጉድጓድ መስኮች ይመግባል። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረርም ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች በሚሳብ ውኃ ትጠቀማለች። ስለዚህ እዚህ የሚቆፈር ካባ ጉዳቱ ከአንድ አስተዳደር ክልል ሊያልፍ ይችላል፤ አዋጁም እንዲህ ሲሆን በሌላው ክልል ያለው ማኅበረሰብ እንዲመከር ያዛል።

በተግባር የመጀመሪያው ሥራ በዙሪያው ያሉትን ጉድጓዶችና ምንጮች በሙሉ መመዝገብ ነው። የውኃው ከፍታ የሚለካው ፓምፑ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ የሚነበበው የወረደው ልክ ይሆናል። ልኬቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ድርቅና ከክረምቱ በኋላ በመስከረም ይወሰዳል። የካባው ወለል ከመስከረሙ ከፍታ በላይ መቆም አለበት። ብዙ ሪፖርት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ በየካቲት ብቻ ተለክቶ «ውኃው ሩቅ ነው» ይባልና ክረምት ሲገባ ወለሉ ይረጥባል። አንድ የሙከራ ጉድጓድ ደረቅ መውጣቱም ማስረጃ አይሆንም፤ በኖራ ድንጋይ ውኃው የሚሄደው በስንጥቅና በዋሻ ስለሆነ ከጥቂት ሜትር ፈንጠር ብሎ ሊፈስ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ዩራኒን የተባለውን ቀለም በስንጥቁ አፍስሶ በየትኛው ጉድጓድ እንደሚወጣ መከታተል ነው።

ቀጥሎ ናይትሬት የተባለው የመጠጥ ውኃ በካይ ይመጣል። ለካባ የሚውለው የተለመደው ፈንጂ 94 በመቶ አሞኒየም ናይትሬትና 6 በመቶ ናፍጣ ነው። ሳይፈነዳ የቀረው ወይም ሲሞላ የተደፋው በዝናብ ሟሙቶ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን፣ በከተማው መሃል ያሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ካባ ሳይነካቸው በናይትሬት የተበከሉ ናቸው፤ ምክንያቱ በአብዛኛው የሽንት ቤት ጉድጓድ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ መነሻ መረጃው ከመጀመሪያው ፍንዳታ በፊት ካልተሰበሰበ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል። ናይትሬቱ ከክሎራይድና ከዓይነ ምድር ባክቴሪያ ጋር ከጨመረ ጣት ወደ ሽንት ቤት ይቀሰራል፤ አሞኒየምና ናይትሬት ብቻቸውን ከጨመሩ ወደ ፈንጂው። የድሬዳዋ ውኃ ኖራ የበዛበት በመሆኑ የአሲድነቱ መጠን የሚነበበው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ጠርሙሱ እስከ ላቦራቶሪ ሲጓዝ ጋዙ ይወጣና ከታች ነጭ ዝቃጭ ይቀመጣል፤ ውጤቱም ይዛባል።

ንዝረትን በተመለከተ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ቤቶች ከፍንዳታ በፊት ፎቶ ይነሳሉ፤ ያለው ስንጥቅ በስፋቱ ይመዘገባል። አቧራ በነፋስ አቅጣጫ ይለካል።

የኖራ ድንጋይ ባለበት ዋሻ አለ፤ ዋሻ ባለበትም ቅርስ ሊኖር ይችላል። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በ1929 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀ ሲሆን፣ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና ቀይ የአፈር ቀለም የተገኙበት ድንቅ ሥፍራ ነው። ስለዚህ የመስክ አሰሳው አርኪዮሎጂስት ያስፈልገዋል፤ ቁፋሮው ያልተጠበቀ ዋሻ ከከፈተም ሥራው ቆሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል።

የሚነሣው አፈርና ጥቅም የሌለው ድንጋይ የሚከመርበት ቦታ ከካባው እኩል ይመረመራል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በከተማዋ የሚያልፈው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በደረቅ ወንዝ ራስ ላይ የተከመረ ቁልል መንገዱን ያጠብባል፤ ሲናድ ደግሞ ጎርፉን ያከብደዋል። ቁልሉ ከወንዙ ዳር ርቆ፣ በእርከንና በደለል ማቆሪያ ኩሬ መያዝ አለበት።

ምክክሩ በአማርኛ ብቻ ከተካሄደ ጎዶሎ ነው፤ በገጠር ቀበሌዎች ኦሮምኛና ሶማልኛ ያስፈልጋል። ሴቶች ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት የተጠራ ስብሰባም ውኃውን በቅርብ የሚያውቁትን ያስቀራል።

ካባው ሲዘጋ ቀድሞ ተለይቶ የተቀመጠው ለም አፈር ይመለስና አገር በቀል ግራር ይተከላል። ባዶ የተተወ መሬት ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ ፈጥኖ ይሰፍራል፤ ከሰፈረም ሥሩን መንቀል ከባድ ወጪ ነው።

በሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ የሚነደው የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት ጉድጓድ የሚገመገመው በሚቆፈርበት ቦታ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚገመገመው የከሰሉ ማከማቻ ነው፦ ድኝ ያለበት ከሰል ዝናብ ሲመታው አሲድ ያመነጫል፤ ወለሉ በኮንክሪት ካልተለበጠ ያ ውኃ ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ወደ ውስጥ ይገባል።