ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ምንድን ነው? የድሃ ቤተሰብን ኑሮስ እንዴት ይለውጣል?

ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ማለት መንግሥት ወይም የረድኤት ድርጅት ለድሃ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ በምን ላይ እንደሚያውለው የማይወስንለት፣ ተቀባዩም ገንዘቡን ለማግኘት ሲል እንዲሠራ፣ እንዲማር ወይም ስብሰባ እንዲገኝ የማይገደድበት አሠራር ነው። ብድር ስላልሆነ አይመለስም፤ ደመወዝም ስላልሆነ በሥራ ሰዓት አይለካም። «ያለ ቅድመ ሁኔታ» ሲባል ግን ለመጣ ሁሉ ይታደላል ማለት አይደለም። ማን ድሃ ነው የሚለው ጥያቄ በገቢ፣ በንብረት ወይም በቤቱ አሠራር አስቀድሞ ይመለሳል፤ ነጻነቱ የሚጀምረው ቤተሰቡ ከተመረጠ በኋላ ነው። ለዜጋ ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲከፈል ከሚታሰበው መሠረታዊ ገቢ የሚለየውም በዚሁ ነው።

ነገሩ ከተቃራኒው ጋር ሲተያይ ይበልጥ ይገለጣል። ሜክሲኮ በ1997 የጀመረችው ፕሮግሬሳ የተባለው መርሐ ግብር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ለእናቶች የሚከፍለው ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ካልቀሩና ቤተሰቡ የጤና ክትትሉን ካሟላ ነበር። ብራዚል በ2003 ያቋቋመችው ቦልሳ ፋሚሊያም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። እንዲህ ያለው አሠራር ድሃው ከገንዘቡ ሌላ ገፊ ምክንያትም ያስፈልገዋል ብሎ ይነሣል። ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጠው ደግሞ ድሃው የሚያስፈልገውን ያውቃል፣ የጎደለው መግዣው ነው ብሎ ይነሣል።

የድሃ ቤተሰብ ችግር የገቢው ማነስ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም ያችው ትንሽ ገቢ የምትመጣበት ቀንና ወጪው የሚደርስበት ቀን አለመገጣጠማቸው ከማነሷ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል። የልጅ ሕመም ደመወዝ እስኪደርስ አይጠብቅም። እጁ ላይ ምንም የሌለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመው በከፍተኛ ወለድ ይበደራል፣ ነገ ገቢ ሊያስገኝለት የሚችለውን እንስሳ ወይም የሥራ መሣሪያ ዛሬ በርካሽ ይሸጣል፣ አለዚያም ሕክምናውን ያቆየዋል። በደህናው ቀንም ቢሆን አከማችቶ መግዛት ስለማይችል ጥቂት በጥቂቱ ይገዛል፤ በዚህም ለአንዱ ዕቃ ከባለጸጋው የበለጠ ይከፍላል። እነዚህ ውሳኔዎች ውለው አድረው እንደሚጎዱት ቤተሰቡ አሳምሮ ያውቃል፤ የሚወስናቸው ሌላ መውጫ ስላጣ ነው። በእኔ አመለካከት ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ገንዘብ ከሁሉ በፊት የሚያነሣው ይህንን ግዴታ ነው፤ መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ለውጡ ትልቅ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በምዕራብ ኬንያ የተካሄደውና ውጤቱ በ2016 የታተመው ጥናት ይህንን በቅርብ ያሳየናል። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በእጣ ለተመረጡ ቤተሰቦች ገንዘቡን በሞባይል ላከላቸው፤ ከፊሉ በየወሩ ተከፋፍሎ፣ ከፊሉም በአንድ ጊዜ ተጠቃልሎ ደረሳቸው። በየወሩ የተቀበሉት ቤተሰቦች በምግብ ረገድ የተሻለ ዋስትና አገኙ፤ ተጠቃልሎ የደረሳቸው ደግሞ ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ላይ አዋሉት። ከዚህ ዓይነቱ ንብረት ጎልቶ የሚነሣው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። የሣር ጣሪያ ለማሠሪያው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው መለወጥ ስላለበት የማያልቅ ወጪ ነው። ቆርቆሮው ይህን ወጪ ቢያስቀርም ዋጋውን በአንድ ጊዜ መክፈል ይጠይቃል፣ ድሃው የሌለውም ይኸው በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ነው። ቤተሰቦቹ ቆርቆሮ እንደሚያዋጣ ቀድሞም ሳያውቁ አልቀሩም፤ ገንዘቡ የሰጣቸው የሚያውቁትን ለመፈጸም የሚያስችል አቅም ነበር። በዚሁ ጥናት ከተቀባዮቹ ገሚሱ ወንዶች፣ ገሚሱ ሴቶች እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር፤ ገንዘቡ በባል እጅ ከሚገባ በሚስት እጅ ቢገባ ይሻላል የሚለው የተለመደ አስተያየት ግን ድጋፍ አላገኘም፤ በአብዛኞቹ መለኪያዎች በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን ውጤት ሳነብ መገረሜን አልደብቅም።

በዚያው አካባቢ በተካሄደና 653 መንደሮችን ባካተተ እጅግ ሰፊ ሌላ ሙከራ፣ ከ10,000 ለሚበልጡ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ተሰጥቷል። በ2025 ይፋ የሆነው የዚህ ሙከራ ክትትል እንዳመለከተው፣ 1 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በተቀባዮቹ ዘንድ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ገንዘቡን ማንም «ለወሊድ» ብሎ አልሰጠውም። ይሁንና እናቶች ከቤት ይልቅ በጤና ተቋም መውለድ ቻሉ፤ በእርግዝናው የመጨረሻ ወራትና ከወሊድ በኋላም ከከባድ ሥራ አረፍ የማለት ዕድል አገኙ። ለውጡ በርትቶ የታየው ገንዘቡ በወሊዱ ሰሞን ለደረሳቸውና የጤና ተቋም ለሚቀርባቸው ቤተሰቦች ነው። ሐኪም በሌለበት ገንዘብ ብቻውን ሐኪም አይሆንም።

ስለ ድህነትና ስለ አእምሮ የሚነገረውን ግን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። በ2013 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በደቡብ ሕንድ የሚኖሩ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትኖ፣ ያው ሰው ገንዘብ ባጠረው ሰሞን በማሰላሰል ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጣ ዘግቧል። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ክፍያ ከሚያገኙበት ቀን በፊትና በኋላ ያነጻጸረ ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ገንዘብ ጭንቀትን ያቀላል ማለትና የማሰብ ችሎታን ይጨምራል ማለት አንድ አይደሉም።

ተጠራጣሪው ሁልጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «መጠጥ አይጠጡበትም ወይ?» የሚል ነው። ይህ ከተነሣ ዘንድ መልሱ አጭር ነው፤ 19 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ በ2017 የታተመ ሥራ፣ ገንዘብ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለአልኮልና ለትምባሆ የሚያወጡት ወጪ እንዳልጨመረ አሳይቷል። ሥራ ይፈታሉ የሚለው ግን ረዘም ያለ መልስ ይሻል። በ6 ታዳጊ አገሮች የተካሄዱ 7 የገንዘብ ድጋፍ ሙከራዎችን ያነጻጸረ ጥናት ሰዎች ሥራ ስለመተዋቸው ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም። በአሜሪካ ለ1,000 ሰዎች በየወሩ 1,000 ዶላር ለ3 ዓመት በተከፈለበት ሙከራ ግን ተቀባዮቹ በሳምንት በአማካይ ከ1 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ሥራ ቀንሰዋል። ልዩነቱ የሚያስገርም አይደለም፤ መነሻ ካፒታል ያጣ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ሥራ ሊጀምርበት ይችላል፣ ሥራው ያለውና የደከመው ሰው ደግሞ ትንሽ ዕረፍት ሊገዛበት ይችላል። ዕረፍቱን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም።

ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጡ ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ከፈተኑት ጥቂት ሙከራዎች አንዱ በማላዊ፣ ዞምባ በተባለው አካባቢ በልጃገረዶች ላይ የተካሄደው ነው። ከትምህርት ቤት ባለመቅረት ግዴታ ገንዘብ የተሰጣቸው፣ ያለ ግዴታ ከተሰጣቸው ይልቅ በትምህርታቸው ጸንተዋል። ያለ ዕድሜ ጋብቻና በልጅነት ማርገዝ ግን ይበልጥ የቀነሱት ያለ ግዴታ በተሰጣቸው ዘንድ ነበር። ምክንያቱን ማየት አያስቸግርም። ግዴታ ባለበት አሠራር ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ድጋፉም ይቋረጥባታል፤ ለጋብቻ የሚያስገድዳት ችግር የሚበረታባትም ያን ጊዜ ነው። ቅድመ ሁኔታ የተፈለገውን ነገር ሊያፋጥን ይችላል፤ ሆኖም መስፈርቱን ለማሟላት ያልቻለውን፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የባሰበትን ሰው፣ ከድጋፉ ውጭ ያደርገዋል።

ጎረቤቱስ? በአንድ መንደር ብዙ ገንዘብ ሲገባ ዋጋ ይንራል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ሰፊው የኬንያ ሙከራ ይህንንም መርምሯል፤ የዋጋ ንረቱ እጅግ ኢምንት ነበር፤ እያንዳንዱ የተሰጠ ዶላርም እጅ ለእጅ እየተላለፈ ለአካባቢው ኢኮኖሚ 2.5 ዶላር ያህል አስገኝቷል፤ ድጋፉን ያልተቀበሉ ቤተሰቦችም ተጠቅመዋል። በአካባቢው ሥራ የፈታ ጉልበትና ያልሞላ የማምረት አቅም ስለነበረ ተጨማሪው ፍላጎት ዋጋን ሳይሆን ምርትን ጨመረ። ገበያው ዕቃ ከሌለው፣ መንገዱም ከተዘጋ፣ ይህ ውጤት ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የማይለወጠውንም መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ 1,000 ድሃ እናቶች ከልጃቸው መወለድ ጀምሮ ከፊሎቹ በየወሩ 333 ዶላር፣ ከፊሎቹ 20 ዶላር ሲከፈላቸው ቆይቶ፣ ልጆቹ 4 ዓመት ሲሞላቸው በቋንቋና በማሰብ ችሎታ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። የኪራይና የምግብ ወጪን ማቃለል አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኑ የሚያድግበትን ሰፈርና የሚማርበትን ትምህርት ቤት መለወጥ ግን 333 ዶላር የማይደርስበት ሌላ ነገር ነው።

ድጋፉ ሲቋረጥ የሚሆነው ደግሞ በተሰጠበት መልክ ይወሰናል። ጣሪያ የሆነ ገንዘብ ክፍያው ካበቃም በኋላ ይቆያል፤ በየወሩ ለምግብና ለኪራይ ይውል የነበረው ግን ከመጨረሻው ወር ጋር ያልፋል። አሜሪካ በ2021 ሥራ የሌላቸውን ወላጆች ጭምር ያቀፈ የልጆች ድጋፍ ስትከፍል ቀረጥንና ድጎማን በሚያካትተው መለኪያ የሕፃናት ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ክፍያው ከተቋረጠ በኋላ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። ስለዚህ ዘላቂ ያልሆነ ድጋፍ የሚሰጥ ወገን የመጨረሻው ክፍያ የሚገባበትን ቀን ለቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሊነግረው ይገባል፤ ዕዳው ይቅደም ወይስ ጣሪያው የሚለውን ቤተሰቡ የሚወስነው ያንን ቀን አስልቶ ነውና።