«እኛን ማን ይፈልገናል?» እና ሌሎች ስለ ሳይበር ጥቃት የሚነገሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር ከመንግሥት ሠራተኛውም ከነጋዴውም አንድ ዓይነት ንግግር እሰማለሁ፦ «አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና በሳይበር ቢፋለሙ ጉዳዩ የእነርሱ ነው፤ ጣና ዳር ያለነውን ማን ይፈልገናል?» ይህ አባባል አሰልችቶኛል። ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም እርሱ ነው፤ ለመጠቃት ተፈላጊ መሆን አያስፈልግምና።

የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በዊንዶውስ ላይ ያገኘውን ክፍተት ለራሱ ይዞ የመግቢያ መሣሪያ ሠርቶበት ነበር። መሣሪያው አፈትልኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ሚያዝያ ላይ ይፋ ወጣ። በግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ፣ አሜሪካና ብሪታንያ በኋላ ሰሜን ኮሪያን ተጠያቂ ያደረጉበት፣ በዚሁ ክፍተት እየገባ 150 በሚያህሉ አገሮች ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎችም በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችን ሰረዙ። በሰኔ ደግሞ ምዕራባውያን መንግሥታት ሩሲያን የከሰሱበት ኖትፔትያ የተባለ ቫይረስ ከአንድ የዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ተነሥቶ፣ በጠቡ ውስጥ የሌለበትን የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት ሜርስክን በ45,000 ኮምፒውተሮች ላይ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ እንዲጭን አስገደደው። ከእነዚህ ተጎጂዎች አብዛኞቹን በስም የፈለጋቸው አልነበረም።

የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት የክፍተቱን መድፈኛ ያወጣው ከዋናክራይ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት መሆኑ ነው። ከዚያ ዓመታት አልፈው በከተማችን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ስመረምር፣ የደመወዝ መዝገቡ ያለበት ጭምር ያ መድፈኛ አልነበረውም፤ ዊንዶውሱ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የዞረ ሕገወጥ ቅጂ ሲሆን፣ ማዘመኛውም «ፓኬጅ ይጨርሳል» ተብሎ ሆን ተብሎ ተዘግቷል። ኃላፊውን ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ያንኑ «ማን ይፈልገናል» ነው።

«ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ኮምፒውተር አይጠቃም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ቫይረስ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ወደነበረው የኢራን ናታንዝ የኑክሌር ማዕከል የገባው በፍላሽ እንደሆነ ይታመናል።

«ኢትዮጵያ ላይ እስካሁን የተሞከረ ነገር የለም» ማለትም ስህተት ነው፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020፣ ከዚሁ ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ የተሠራው ግድብ ሙሌት ሊጀመር ሲል፣ መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች የሰነዘሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል።

ስለዚህ ማዘመኛውን ክፈቱ፤ ፓኬጅ ካሳሰባችሁ መድፈኛውን በአንድ ኮምፒውተር አውርዳችሁ ለሌሎቹ አዳርሱ። ሕገወጡን ቅጂ ተዉት፤ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካ። የመዝገባችሁን ቅጂ ከኮምፒውተሩ በተነቀለ ዲስክ፣ በሌላ ሕንፃ አስቀምጡ፤ በየወሩም መከፈቱን አረጋግጡ።