አርኤስኤስ ምንድን ነው? ጎግል የዘጋውስ ምኑን ነው?

ሰሞኑን ለባሕር ዳር የሚሆን የከተማ ትራንስፖርት መተግበሪያ ስለመሥራት ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ «ባሱ የት እንደደረሰ በአርኤስኤስ ለተሳፋሪው ስልክ ይላክ» አለ። ሌላው በጣም እርግጠኛ ሆኖ «አርኤስኤስ እኮ ድሮ ሞቷል፤ ጎግል ዘግቶታል» ብሎ መለሰለት። ይህን ሁለተኛውን አባባል ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ሶፍትዌር እናውቃለን ከሚሉ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ጀማሪዎቹም ይዘውት መሄድ ጀመሩ።

የሁለቱም ስሕተት ሥሩ አንድ ነው። አርኤስኤስን መልእክት የሚያደርስ አገልግሎት አድርገው ያስቡታል። አገልግሎት ከሆነ የሚያስተዳድረው ድርጅት አለ፤ ድርጅቱ ሲዘጋው ያልቃል። አርኤስኤስ (RSS) ግን የአንድ ድረ ገጽ አዳዲስ ጽሑፎች ዝርዝር የሚጻፍበት ፋይል ነው። በቃ፣ ፋይል።

ከፍታችሁ ብታዩት ምንም የረቀቀ ነገር የለበትም። ከላይ የድረ ገጹ ስምና አድራሻ አለ። ከሥሩ ጽሑፎቹ በተራ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ርእስ፣ ሊንክ፣ የወጣበት ቀን፣ አጭር መግለጫ፣ ከሌላው የሚለየው መታወቂያም አለው። አዲስ ነገር ሲወጣ ከላይ ይጨመራል፣ ከታች ያለው አሮጌ ይወጣል። ፋይሉ እዚያው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ድረ ገጹ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይላክም። የፈለገ መጥቶ ያነበዋል። ሰው የሚዘነጋው ይህችን «መጥቶ» የምትለዋን ነው።

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳን አስቡ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን በሩ ላይ ይለጥፋል እንጂ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ አይነግራችሁም። አርኤስኤስ ያ ሰሌዳ ነው። ፋይሉን ፊድ እንለዋለን፤ ፊድ አንባቢ የምንለው መተግበሪያ ደግሞ በየሰሌዳው የምትልኩት ታናሽ ወንድማችሁ ነው። የሰሌዳዎቹን ዝርዝር ትሰጡታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ይዞራል፤ ትናንት ያየውን ትቶ አዲሱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ያየውንና ያላየውን የሚለየው በዚያ መታወቂያ ነው።

ልጁ ጎበዝ ከሆነ ሰሌዳውን በሙሉ አያነብም። ዘበኛውን «ከትናንት ወዲህ የተለጠፈ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «የለም» ካለው ይመለሳል። ሰርቨሩ ይህን የሚናገረው 304 በሚባለው መልስ ነው፤ ፋይሉ ስላልተለወጠ ምንም አይወርድም። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥርዓት የሌለው ልጅ ግን በየደቂቃው እየመጣ ሁሉንም ላንብብ ይላል። ዘበኛው ይሰለቸውና በ429 ይመልሰዋል፤ ጥያቄ አበዛህ ነው ነገሩ። አንባቢ የምትሠሩ ልጆች እዚህ ላይ አትስነፉ። ኢታግ የሚባለውን የፋይሉን ቅጂ መለያ ሳይልክ፣ ባለፈው የወሰደው መቼ የተለወጠ እንደሆነ ሳይጠቅስ፣ በየአምስት ደቂቃው ሙሉ ፋይል የሚጎትት መተግበሪያ ለተጠቃሚውም ለባለ ድረ ገጹም ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ጎግል እንምጣ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል ሪደር የሚባል ፊድ አንባቢ አወጣ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2013፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ዘጋው። ያሰናበተው ልጁን ነው። ሰሌዳዎቹ ባሉበት ቀሩ። እነሱማ ቀድሞም የጎግል ንብረት አልነበሩም። የመጀመሪያው የአርኤስኤስ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1999 መጋቢት ላይ የወጣው የድር ማሰሻ ይሠራ ከነበረው ከኔትስኬፕ ነው፤ ጎግል ያኔ በኩባንያነት ከተቋቋመ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ዛሬ በብዛት የምናገኘው 2.0 በ2002 ወጣ። አቶም የሚባለው ሌላው ዓይነት በ2005 ደረጃው ጸደቀ። አንባቢዎቹ ሁለቱንም ስለሚያነቡ በልዩነታቸው ጊዜ አላጠፋም።

«ሞቷል» ያልከው ወንድሜ፣ ፖድካስት ትሰማለህ? የፖድካስት ክፍሎች ከአዘጋጁ ወደ ማዳመጫ መተግበሪያዎች የሚደርሱት በአብዛኛው በአርኤስኤስ ፋይል ነው። በወርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ ታነባለህ? አድራሻው መጨረሻ ላይ ስላሽ ፊድ (/feed) ብለህ ጻፍ፤ ባለቤቱ ሆን ብሎ ካላጠፋው ፋይሉ ይመጣልሃል። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቻናል ፊድ አለው። የፕሮግራም ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሀብ ላይ ያለ ፕሮጀክት አዲስ ቅጂ ሲያወጣ በአቶም ፊድ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ በየቀኑ እየሠራ ሞተ ማለት ምን ማለት ነው?

ከአባባልህ የምቀበለው አለ። ትዊተር ፊዶቹን በዚያው በ2013 አቋርጧል። ፌስቡክም ዛሬ ለገጾቹ ፊድ አይሰጥም። ሰሌዳቸውን የነቀሉ ብዙ ናቸው፤ የነቀሉትም ሰው ራሱ ግቢያቸው ገብቶ እንዲውልላቸው ስለፈለጉ ነው። ግን አንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳውን ስለነቀለ ሰሌዳ የሚባል ነገር ቀረ አይባልም። ይህን የምከራከረው ለእልህ አይደለም። ሞቷል ብሎ ያመነ ባለሙያ በሚሠራው ድረ ገጽ ላይ ፊድ አያስገባም። ባለቤቱም መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። ከዚያ ማስታወቂያው ሁሉ አንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ማን እንደሚያየውና ማን እንደማያየው የሚወስነው ሌላ ሰው ይሆናል።

ጎጃም ተቀምጦ ስለ ከተማ ትራንስፖርት፣ ስለ ፕሮግራሚንግና ስለ ቴክኖሎጂ ዜና መከታተል ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። የምትጠቀሙበት ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶበት ማስተካከያ ቢወጣ ማንም ላይክ አያደርገውም። ማን ምን እንዲያይ የሚመርጠው የፌስቡክ አልጎሪዝም ጭቅጭቁን ከፊት ያመጣና ማስተካከያውን ከሥር ይቀብረዋል። ፊድ ላይ ግን ሁለቱም በወጡበት ቀን ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። ዝርዝራችሁም የእናንተው ነው። ኦፒኤምኤል በሚባል ፋይል አውጥታችሁ ለሌላ አንባቢ ትሰጡታላችሁ። ጎግል ሪደር ሲዘጋ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ነው ወደ ሌላ የተዛወረው። አንዱ ልጅ ቢሄድ ሌላው ያንኑ ዝርዝር ይዞ ይዞራል።

የባሱን ነገር ላንሣ፤ እሱም መልስ ይፈልጋል። ባስ ሲንቀሳቀስ ቦታው በየሴኮንዱ ይለወጣል። ልጁ ሰሌዳው ጋ ደርሶ እስኪመለስ ባሱ ሁለት ፌርማታ አልፏል። ለዚህ ሥራ የተበጀ ሌላ ደረጃ አለ፤ ጂቲኤፍኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት የሆነው ትራይሜት ከጎግል ጋር የጀመረው ነው። በ2011 የወጣው የቅጽበት መረጃ ክፍሉ የጉዞ መዘግየትን፣ ተሽከርካሪው ያለበትን ቦታና ማሳሰቢያዎችን ለየብቻ ያቀርባል። አርኤስኤስ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። «ነገ ጥምቀት ስለሆነ መስመሩ ይቀየራል» ለሚል ማስታወቂያ በጣም ይመቻል።

መተግበሪያ ከማለታችን በፊት ደግሞ መረጃው ራሱ የታለ? ባሱ ላይ ጂፒኤስ ከሌለ በየትኛውም ፋይል የሚጻፍ ቦታ የለም። ሚኒባስና ባጃጅማ የሰዓት ሰሌዳ እንኳ የላቸውም፤ ሲሞላ ነው የሚነሡት። ጂቲኤፍኤስ ለዚህም «በየስንት ደቂቃው» ብሎ የመጻፍ ዕድል ይሰጣል። ናይሮቢ ላይ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች መስመሮች እንዲህ ነው የተመዘገቡት፤ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ተሳፍረው መስመሩንና ፌርማታውን መዘገቡ፣ ካርታው በ2014 ወጣ። ባሕር ዳርም የሚያስፈልጋት መጀመሪያ ይኸው ነው። ከመተግበሪያው በፊት መሳፈርና መመዝገብ ይቀድማል።

ስለ አርኤስኤስ ድክመት ካልነገርኳችሁ ደግሞ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ሰሌዳው ጠባብ ነው። ወርድፕሬስ ካልተነካ በፊዱ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። በቀን ሦስት የሚጽፍ ድረ ገጽ ከሆነ፣ አንድ ሳምንት ኔት ሳታገኙ ቆይታችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቶች ተቀድደዋል። በክልላችን በአማራ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ስልኩ ላይ ብቻ የሚሠራ አንባቢ የነበረው ሰው የደረሰበት ይህ ነው። ያመለጠው በአርኤስኤስ በኩል አይመለስም፤ አርኤስኤስ መዝገብ ቤት አይደለም። መፍትሔው ሌላ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ አንባቢ መጠቀም ነው። እናንተ መስመር ባይኖራችሁም እሱ መዞሩን አያቆምም፤ ስትመለሱ የሰበሰበውን ያስረክባችኋል።

በአማርኛ ፊድ ላይ በተለይ የሚያቃጥሉኝ ሁለት ችግሮች አሉ። ሁለቱም የሚመጡት ከእኛ ከሠሪዎቹ ነው።

አንደኛው የባይት ነገር ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 (UTF-8) ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል 3 ይወስዳል። «ደብረ ማርቆስ» ሰባት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ 22 ባይት ይሆናል። አጭር መግለጫውን «20 ላይ ቍረጥ» የሚል ኮድ በባይት ከቈጠረ መጨረሻው ላይ ያለችውን «ስ» ከሦስት አንድ እጇን ብቻ ይተዋታል። ያቺ ቍራጭ ፊደል አትሆንም። ፊድ የሚጻፍበት ኤክስኤምኤል (XML) የሚባለው አጻጻፍ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ በአንዲት የተሰበረች ፊደል ምክንያት ፋይሉን በሙሉ አላነብም ይላል። ባለቤቱ ድረ ገጹ ደኅና መሆኑን ያያል፤ ተከታታዮቹ ጋ ግን ምንም አይደርስም። የሚነግረውም የለም። መቍረጫው በፊደል የሚቈጥር መሆን አለበት፤ ቋንቋው ፒኤችፒ ከሆነ ተራውን ትታችሁ «ኤምቢ» (mb_) የሚል ቅድመ ስም ያለውን ተጠቀሙ።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፊድ በየአንባቢው አዲስ ጽሑፍ የሌለው ሆኖ ይታይ ነበር። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ጽሑፎቹ አሉ፤ የጎላ ስሕተትም አይታይም። ቀኑን ሳየው ነው የገባኝ። ጽሑፉ የወጣው መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሠሪው የወሩን ስም በፈረንጅ አፍ «ሴፕ» ብሎ ጽፎ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን በእኛው ትቶታል። አንባቢው መተግበሪያ ደግሞ የተነገረውን ያምናል፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 2017 የወጣ፣ ሰባት ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ነው ብሎ ከሥር ቀበረው። መሆን የነበረበት ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነበር። ለሰው የሚታየው ገጽ ላይ የእኛን ዘመን ጻፉ፤ ሊጻፍም ይገባል። በፊዱ ውስጥ ግን የሚነበበው በማሽን ስለሆነ የፈረንጁ ቀን ብቻ ይግባ። ሰዓቱንም እንዲሁ። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የሚባለው እዚያ 08:00 ሆኖ ይጻፋል፤ ከኋላው +0300 ይከተለዋል።