ማየት የተሳናት የጓሮ ዶሮ አያያዝ

ዓይኗ የጠፋ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትሞተው በዓይኗ ሕመም ሳይሆን በረሃብና በውኃ ጥም ነው፤ ያውም ጥሬ የሞላበት ዕቃ አጠገቧ ተቀምጦ። ዕቃው ከትናንት ቦታው አንድ ክንድ ከራቀ ለእሷ የለም ማለት ነው።

የማየት ችግር ያለባት ዶሮ ፍሬውን ስታ ጎኑን መሬት ትነቁራለች፣ አንገቷን ታዘማለች፣ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ለማረጋገጥ በቀን ብርሃን ጥጥ በአንድ ወገን ቀስ አድርጎ ወደ ዓይኗ ማስጠጋት ነው። እጅ ማወናጨፍ ነፋስ ስለሚፈጥር የታወረችውም ትደነግጣለች። ሲመሽ ደግሞ ዶሮ ሁሉ ዳፍንታም ስለሆነ የማታ ፍተሻ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ መንስኤውን መለየት ነው፤ አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም። ፈንጣጣ በቢምቢ ንክሻ ይተላለፋል። ቅርፊቱ የዓይን ቆቧን ሲያጣብቀው ዶሮዋ የታወረች ትመስላለች እንጂ ከሥሩ ያለው ዓይን ደህና ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይረግፋል፤ መላጥ ያደማል፣ በሽታውንም ያዛምታል። ተጣባቂ ቁንጫ በዓይኗ ዙሪያ እንደ ጥቁር ፍሬ ተደርድሮ ሲገኝ ዓይኑን ሳይነኩ ቫዝሊን መቀባት ያፍነዋል። ነጭ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የሚበሉ፣ ወጥተው የማይግጡ ዶሮዎች ቫይታሚን ኤ ያጥራቸዋል፤ ዓይናቸው ውስጥ እንደ አይብ የረጋ ነገር ይጠራቀማል። ቢጫ በቆሎ፣ የተከተፈ ጎመንና ካሮት ቶሎ ከተጀመረላቸው ያገግማሉ። እርጥብ ኩስ የሚያወጣው አሞኒያ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝም ዓይን ያቃጥላል። ቤቱ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ በዶሮዋ ቁመት መተንፈስ በቂ መመርመሪያ ነው፤ የሰው ዓይን ካቆረዘዘ ጭዱ ወይም ሰጋቱራው መቀየር አለበት። በቫይረስ የሚመጣው የማሬክ በሽታ ግን መድኃኒት የለውም፤ የዓይኗ ቀለም ይገረጣል፣ የብሌኑ ጠርዝ ይጨረማመታል። ክትባቱ የሚሰጠው በተፈለፈለች ቀን ነው። ፊቷ አብጦ የሚሸት ንፍጥ ካላት፣ ወይም አንገቷ ተጣሞ አረንጓዴ ካስቀመጣት፣ ጉዳዩ የዓይን ብቻ አይደለም። የአንገት መጣመሙና አረንጓዴ ተቅማጡ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለይቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

የቆሸሸ ዓይን የሚታጠበው ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨው በጥብጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ እያራሱ ነው። ለሰው የተገዛን የዓይን ቅባት በግምት መቀባት ትልቅ ስህተት ነው። ኮርቲዞን (እብጠትና መቅላት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ቅባት የቆሰለ ዓይን ያባብሳል፤ አንቲባዮቲክ ከሆነ ደግሞ እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ባለሙያው መንገር አለበት።

ዋናው ሥራ ግን ቦታ ማስለመድ ነው። በሽቦ የተከለለች ትንሽ ቦታ ለእሷና ለአንዲት ረጋ ያለች ቄብ ይበቃል፤ አውራ ዶሮ አይገባም፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቅ ይወጣባታል። ምግብና ውኃው ጎን ለጎን፣ ከባድ ዕቃ ላይ፣ በጀርባዋ ቁመት ይቀመጣል። በየምገባው ዕቃውን ሦስት ጊዜ በጣት ማንኳኳት፣ ከዚያ መንቁሯን ውኃው ውስጥ አፍንጫዋ ሳይገባ መንከር ነው። ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ በድምፁ ይመጣሉ። መብላቷ የሚታወቀው ማታ ከአንገቷ ግርጌ ያለውን ከረጢት በመዳሰስ ነው፤ ባዶ ከሆነ በእጅ ትመገባለች። በሳምንት አንድ ጊዜ መመዘንም ጥሩ ነው፤ ላባው ክሳቷን ይደብቃል።

የቆጥ ነገር ቢቀር ይሻላል። መውጣቱን ብትችል እንኳ ስትወርድ እግሯን ትሰብራለች፤ መሬት ላይ ወፍራም ጭድ ይበቃታል። መሬት ስለማትጭር መንቁሯና ጥፍሯ ያለልክ ያድጋሉ፣ ጫፉን ብቻ መሞረድ ነው። ለቅማል አመድ የተቀላቀለበት አፈር በጠፍጣፋ ዕቃ ይቀርብላታል።

ሁለቱም ዓይኗ ቢጠፋ እንቁላል መጣሏን ላታቆም ትችላለች፤ እንቁላል መጣልን የሚቀሰቅሰው ብርሃን የራስ ቅሏን አልፎ አንጎሏ ውስጥ ያሉ ተቀባይ ሕዋሳትን ይነካልና። የጣለችውን ቶሎ ማንሳት ነው፣ አለዚያ ራሷ ትረግጠዋለች።